የአስር ሰዓቱ መርፌ

በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ የቤተሰብ ቀን፣ ናይሮቢ ላይ የቀረበ ንግግር





አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ቤተሰብ ጤና አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ ሲጠይቀን ደንግጠን ነበር። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ትምህርታችን ከ12ኛ ክፍል አላለፈም፤ ሥራችንም እንደምታውቁት ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና መሸጥ ነው። ከዚህም በላይ ያስደነገጠን ሌላ ነገር ነበር። በደንብ የምናውቀው የቤተሰብ ጤና ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከ10 ዓመት በላይ ከእናንተ ደብቀነዋል። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው እሱኑ ነው፤ ልጅ ለማግኘት ስለሚወሰዱ የሆርሞን መድኃኒቶች።

«እኛ» ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው። ይህን ንግግር ሱቁን ዘግተን ማታ ማታ አብረን ስለጻፍነው «እኔ» የሚል ቃል አታገኙበትም። ለይቶ መናገር ሲያስፈልግ አባወራው፣ እማወራዋ እንላለን። እንደምታውቁን ልጅ የለንም። «ያልተሳካለት ሰው ስለ መድኃኒት ምን ሊያስተምር?» የሚል ቢኖር አንቀየምም። ነገር ግን የተሳካለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ልጁ ነው፤ በመንገዱ ላይ የት የት እንደሚወደቅ የሚያውቀው የወደቀ ነው።

የተጋባነው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በጸሎት፣ በጸበልና በስለት አሳለፍን። ይህን ስንል ጸበሉን ለማቃለል አይደለም፤ ዛሬም እንሄዳለን። ጥፋታችን ሌላ ነው። እማወራዋ ብቻዋን ሦስት ሐኪም ቤት ስትመላለስ፣ አባወራው «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ሳይመረመር 3 ዓመት አለፈ። በኋላ እንደተነገረን ልጅ ላጡ ጥንዶች ግማሽ ለሚሆኑት የወንዱ ወገን ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ምክንያት ይሆናል። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በዕድሜው ይህ ችግር ያጋጥመዋል። በዚህ አዳራሽ ስንት ሰው እንዳለ ቆጥራችሁ ለ6 አካፍሉት። «መካን» የምትባለዋን አንዲት ሴት በጣት ማሳየት ያኔ ይቀራል።

እዚህ ላይ ለወጣት ወንዶች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሐኪሙ አባወራውን መጀመሪያ ከጠየቀው ነገር አንዱ «የጉልበት መርፌ ትወጋለህ ወይ?» የሚል ነበር። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ከውጭ በመርፌ ሲገባ፣ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ማምረቻው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ጡንቻ እያበጠ ዘር ይደርቃል ማለት ነው። በስፖርት ቤት የሚሸጥላችሁን መርፌ ሳትጠይቁ አትውጉ።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንግባ። እንደገባን በሱቅ ቋንቋ እናስረዳለን።

ሆርሞን ማለት ሰውነት ራሱ የሚያዘጋጀው፣ በደም ውስጥ እየሄደ ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ከአንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች። በየወሩ ኤፍ.ኤስ.ኤች. የሚባል መልእክተኛ ወደ ሴቷ ኦቫሪ ወይም እንቁልጢ ትልካለች። ኦቫሪው ውስጥ እንቁላል የያዙ ጥቃቅን ውኃማ ከረጢቶች አሉ። መልእክቱ ሲደርስ ጥቂቶቹ ማደግ ይጀምራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንዷ ብቻ በስላ እንቁላሏን ትለቃለች። መድኃኒቶቹ የሚሠሩት በዚሁ መልእክት ላይ ነው። አንዳንዶቹ መልእክቱን ያጎላሉ፣ አንዳንዶቹ ያዘገያሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ማኅፀኑን ያዘጋጃሉ።

መጀመሪያ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ኪኒን ነው። አንዱ ክሎሚፊን ይባላል፤ ሌላው ሌትሮዞል ነው። ሁለቱም በወር አበባ መጀመሪያ ቀናት ላይ በአብዛኛው ለ5 ቀን ይዋጣሉ። ሌትሮዞል መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ካንሰር ሕክምና በመሆኑ፣ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ስለ ካንሰር ያወራል። እማወራዋ ያንን አንብባ አንድ ሌሊት ሙሉ ስታለቅስ አድራለች፤ ካንሰር ይዟት ሐኪሞቹ የደበቋት መስሏት ነበር። አንድ ሰው ጠይቀን ቢሆን ኖሮ በ5 ደቂቃ የሚያልቅ ጭንቀት ነው። አልጠየቅንም።

ስለ ክሎሚፊን የምንናዘዘው ነገር አለን። ሱቃችን ዕቃ መቀባበያ እንደነበር ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ፣ ከዚህም ወደ ጁባ የሚሄድ ይህንኑ ኪኒን ከባንኮኒ ሥር አውጥተን ለሰው ሰጥተናል። «ለእገሊት ሠርቶላታል» ተብሎ የሚላክ ነው። ዛሬ አናደርገውም። ይህን ኪኒን ከሚወስዱና ከሚያረግዙ 100 ሴቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት መንታ ይይዛሉ፤ ከዚያም በላይ የሚይዙ አሉ። መንታ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያለ ጊዜው የሚወለድ ልጅና የእናት የደም ግፊት አብሮ ይመጣል። ለዚህ ነው ሐኪም በአልትራሳውንድ እያየ መጠኑን የሚወስነው። የወንዱ ዘር ችግር ካለበት ወይም ቱቦዋ ከተዘጋ ደግሞ ኪኒኑ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ዕድሜ ይበላል እንጂ።

ኪኒኑ ካልሠራ ወይም ችግሩ ከበድ ካለ ወደ መርፌው ይኬዳል። የእኛም ጉዳይ እዚያ ደረሰ። እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ጽንሱ ወደ ማኅፀን የሚመለስበት ሕክምና ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ በእንግሊዝ አገር በ1978 ተወለደች፤ በዚህች በናይሮቢ ከተማ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት በ2006 ተወልደዋል። በአገራችንም በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት ማዕከል ተከፍቷል።

የመርፌው ታሪክ ራሱ ያስገርማል። ሴት የወር አበባዋ ሲቋረጥ ኦቫሪዋ መልስ መስጠት ያቆማል፤ ፒቱታሪ ግን «ምነው ዝም አልሽ?» እያለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጣራለች። መልእክተኛው ሆርሞን በደም ይበዛና በሽንት ይወጣል። በ1950ዎቹ ሊቃውንት ይህንን ተረድተው በኢጣሊያ ገዳማት ከሚኖሩ አረጋውያን መነኮሳይት ሽንት እየሰበሰቡ ሆርሞኑን አጣሩት። በዚያ መድኃኒት የመጀመሪያዋ ልጅ በ1962 በእስራኤል ተወለደች። ልጅ ያልወለዱ መነኮሳይት ለስንት እናት ልጅ ሰጡ! ከ1990ዎቹ ወዲህ ኤፍ.ኤስ.ኤች. በላቦራቶሪም ይመረታል።

የእኛ የመጀመሪያው ዙር በ2013 ነበር። ከዕቁብ የደረሰንንና ከብድር ያገኘነውን ደምረን ከ400 ሺህ ሽልንግ በላይ ከፈልን። መጀመሪያ የሰጡን ምን ይመስላችኋል? የወሊድ መከላከያ ኪኒን ነው። «ልጅ ፈልገን መጥተን ልጅ መከላከያ!» ብለን ተናደን ነበር። ለካ አንዳንድ ጊዜ የሕክምናውን ቀን ለማስተካከል ይጠቅማል። ቀጥሎ ኤፍ.ኤስ.ኤች. በየቀኑ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ለ10 ቀን ተወጋች። ከመካከሉ ጀምሮ እንቁላሎቹ ሳይደርሱ እንዳይለቀቁ የሚያግድ ሌላ መርፌ ተጨመረ።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ነበረበት። ቤታችን እንግዳ ይበዛል፤ ማቀዝቀዣ የማይከፍት እንግዳ ደግሞ የለም። ስለዚህ በባዶ የበርበሬ ቆርቆሮ ከትተን በሱቁ የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ደበቅነው። ማታ ማታ በፌስታል ወደ ቤት ይመጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ልባችን ይጠፋ ነበር። ነርስ የሆነች የማኅበራችን አባል ሁለት ቤት አልፋ ትኖር ነበር። እሷን ከመጥራት ይልቅ አባወራው ብርቱካን ላይ ተለማምዶ ራሱ ይወጋ ነበር።

በእነዚያ ቀናት እማወራዋ ሆዷ ይነፋ፣ ራሷን ያማት፣ በትንሽ ትልቁ ሆድ ይብሳት ነበር። ደንበኞቻችን «ምነው ተለወጠች? ኮራች» ሲሉ እንሰማለን። አባወራውም ቢሆን «ምን ሆነሻል?» ማለትን እንጂ «መድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል» ማለትን አላወቀበትም።

ከሁሉ የምትበልጠው የመጨረሻዋ መርፌ ናት። ኤች.ሲ.ጂ. ትባላለች፤ የእንቁላሎቹን ብስለት ትፈጽማለች። ከተወጋች ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሎቹ ይወሰዳሉ። ከዚያ በጣም ከቀደመ አይደርሱም፤ ከዘገየ ራሳቸው ተለቅቀው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሰዓቷ በደቂቃ ይሰጣል። የእኛ ወረቀት ማክሰኞ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይል ነበር። እንቁላሉ የሚወሰደው ሐሙስ ጠዋት በእኛ 4 ሰዓት ነው።

ወረቀቱን ሰው እንዳያይብን አባወራው በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። በዚያው ሳምንት ወደባችን ላይ የቆመ ዕቃ ነበረንና ሰኞ ማታ ሞምባሳ ሄደ፤ ወረቀቱም አብሮት ሄደ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እማወራዋ ደወለች። «ሰዓቱ ስንት ነው?» አለች። አባወራው ከጉምሩክ አስተላላፊዎች ጋር ሰልፍ ላይ ነበር፤ አጠገቡ የምናውቃቸው አበሾች ቆመዋል። ወረቀቱን በኪሱ ውስጥ ገለጥ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አስር ሰዓት ይላል፤ እንዳታሳልፊ» አለና ዘጋ።

አስር ሰዓት። እማወራዋ በእኛ አቆጣጠር ወሰደችው። ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏልና የሌሊቱ ነው ብላ የስልኳን ደወል ሞልታ ተኛች። ረቡዕ ንጋት ላይ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ተነሥታ፣ ጸልያ፣ ብቻዋን ራሷን ወጋች። ስድስት ሰዓት ዘግይቷል። ሐሙስ ጠዋት ነርሷ በእንግሊዝኛ «ቴን ላይ ነው የተወጋሽው?» ብላ ጠየቀቻት። እሷም «አዎ፣ ቴን» አለች። አልዋሸችም።

በአልትራሳውንድ 11 ከረጢቶች ታይተው ነበር። የተገኙት 3 እንቁላሎች ናቸው፤ ሦስቱም አልበሰሉም። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ደጋግሞ ሲጠይቅ እማወራዋ የስልኳን ደወል አሳየችው። ሦስታችንም ያን ጊዜ ተረዳነው። ለማንም ያልተሰጠ አንድ ስድስት ሰዓት መካከላችን ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። እዚያው ጠዋት ብንናገር ኖሮ እንቁላል የሚወሰድበትን ጊዜ ወደ ከሰዓት በኋላ ማዛወር ይቻል እንደነበር ነገሩን።

ያ ስህተት ባይኖር ዛሬ ልጅ ይኖረን ነበር ወይ? ሐኪሙም አያውቅም፤ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ የማይሳካለት ብዙ ነው። እኛ ግን ለብዙ ዓመታት በሰዓቱ ስንካሰስ ኖርን። «አንተ በትክክል አልነገርከኝም»፤ «አንቺ አልጠየቅሽም»። በኋላ ነው የገባን። ጥፋቱ የሰዓቱ አልነበረም። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ቢሆን፣ ጎረቤታችን ነርስ መጥታ ብትወጋ፣ አባወራው ሰው ፊት ጮክ ብሎ «ከምሽቱ አራት ሰዓት» ማለት ባያፍር ኖሮ አይሆንም ነበር። ያሰናከለን መደበቃችን ነው።

ሁለተኛው ዙር በ2014 ሆነ። ሰዓቱ በትክክል ተጠበቀ፤ እንቁላል ተገኘ፤ ጽንስ ወደ ማኅፀን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማኅፀኑን የሚያደላድል ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን በየቀኑ ትወስድ ነበር። ለ2 ሳምንት ጠብቁ ተብለን ነበር፤ አልቻልንም። በ5ኛው ቀን ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዛን። ሁለት መስመር! ጡቷም ያማት ነበር። ያን ቀን ብቻ ምሥጢራችንን አወጣን፤ አገር ቤት ለእናታችን ደወልን። እልልታዋን በስልክ ሰማን።

ወገኖቻችን፣ ይህን ስሙ። የመጨረሻዋ መርፌ ኤች.ሲ.ጂ. ናት፤ የሽንት መመርመሪያውም የሚፈልገው ኤች.ሲ.ጂ.ን ነው። መርፌው ከሰውነት ሳይወጣ 10 ቀን፣ አንዳንዴም 2 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ ቀድሞ የተመረመረ ሰው የሚያየው መድኃኒቱን ነው። ፕሮጄስትሮንም ጡት ያሳምማል፣ የወር አበባ ያዘገያል፤ እርግዝና ይመስላል። በ14ኛው ቀን የደም ምርመራው የለም አለ። ለእናታችን ዳግመኛ መደወል ከመርፌው ሁሉ የባሰ መርፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘቡም፣ ዕድሜውም፣ አቅሙም አልፈቀደ፤ ተውነው።

አሁን ደግሞ ሳንፈራ ልንነግራችሁ የሚገባ አደጋ አለ። አንዳንድ ጊዜ ኦቫሪ ለመርፌው ከልክ በላይ ይመልሳል። ሆድ በፍጥነት ከተነፋ፣ በአንድና በሁለት ቀን ክብደት ከጨመረ፣ ትውከት ከበዛ፣ ሽንት ካነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ተብሎ አይጠበቅም። የአገር መድኃኒት የሚጠጣም ካለ ለሐኪሙ ይንገረው፤ ሐኪም አይቆጣም፤ ካልተነገረው ግን ሊረዳ አይችልም።

ነገሩን ማውጣት የጀመርነው በ2017 ነው። አንዲት ወጣት ሱቅ መጥታ እንጀራ ገዝታ ሳትሄድ ቆመች። በመጨረሻ «ፍሪጃችሁ መብራት ሲጠፋ ይይዛል?» አለች። ቦርሳዋን እንዴት እንደያዘችው አይተን ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅን። እማወራዋ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ያን ዕለት ማታ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ከባትሪ ጋር ለብቻዋ ለማቆም ወሰንን። ከስኳሩ መደርደሪያ ጀርባ ያለችው እሷ ናት። ቴርሞሜትር አላት፤ መድኃኒት በረዶ እንዳይነካው ከግድግዳዋ ራቅ አድርገን እናስቀምጣለን። እስካሁን የ7 ቤተሰብ መድኃኒት ይዛለች። ከሰባቱ ሦስቱ ልጅ ታቅፈዋል፤ አራቱ አልሆነላቸውም። ሰባቱም ግን ብቻቸውን አልነበሩም። ያቺ ጎረቤታችን ነርስ የሁሉንም መርፌ ወግታለች። እኛን «ለምን ያኔ አልጠራችሁኝም?» ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀችን፤ መልስ አልነበረንም።

በየካርቶኑ ላይ በትልቅ ብዕር ሰዓቱን ሁለት ጊዜ እንጽፋለን፤ «ከምሽቱ 4 ሰዓት፤ በፈረንጅ ከምሽቱ 10 ሰዓት»። የሚወጋው ሰው ጮክ ብሎ ካላነበበው መድኃኒቱን አንሰጥም።

እንግዲህ ከማኅበራችን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሠርግና በክርስትና ላይ ጥንዶችን «እናንተስ መቼ ነው?» ማለት ይቅርብን። ሁለተኛ፣ ለለቅሶ እንደምንደራረስ ለዚህም እንደራረስ፤ በመኪና ማድረስ፣ ወረቀቱን ማንበብ፣ ሐኪም ፊት ማስተርጎም፣ ሾርባ ይዞ መሄድ ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ ያልተሳካለት ቤት «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ቶሎ ከመነሣት ትንሽ ተቀምጦ ዝም ማለት ነው።

ለወጣቶቹ ደግሞ እንዲህ እንላለን። ሁሉን ለሁሉ ንገሩ አንላችሁም፤ የትዳር ምሥጢር ምሥጢር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው፣ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ። ሱቃችን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ፍሪጇም አለች።